ለጉዳይ የሄደ ከተማውንም አይቶ ይመለስ

ገበሬ አዲስ አበባ የሚሄደው ለጉዳይ ነው፤ ለሕክምና፣ ለችሎት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ። ጉዳዩ ሲያልቅ ቶሎ ይመለሳል። «ከተማ ገንዘብ ይበላል» ይላል። እውነት ነው። ነገር ግን በትንሽ ገንዘብ የሚታይም አለ።

መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ ወዳቂ ዕቃ አይናቅም። አሮጌ ብረት ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል። ያለቀ ጎማ ተቆርጦ ጫማ ይወጣዋል። የመዶሻው ድምፅ ጆሮ ያደነቁራል። ማየቱ ግን በነፃ ነው። ልብ ብሎ ያየ ሰው ለቤቱ የሚሆን ዘዴ ይዞ ይመለሳል።

ከዚያ ወደ አምስት ኪሎ ሂዱ። ብሔራዊ ሙዚየም እዚያ ነው። በሙዚየሙ የድንቅነሽ አጥንት ቅጂ ይታያል። ድንቅነሽ የኖረችው ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። አጥንቷ በ1967 ዓ.ም. የተገኘው ከተማ ውስጥ አይደለም፤ አፋር ምድር፣ ሐዳር ላይ ነው። ዓለም የሚያደንቃት ድንቅነሽ የገጠር ሰው ናት!

«ማን ያስረዳኛል?» ብላችሁ አትስጉ። ፊደል ቆጥራችኋል። ጽሑፉን ራሳችሁ አንብቡ፤ ያልገባችሁን ጠይቁ።

እንግዲህ ለመንገድ ስንቅ ስትቋጥሩ ግማሽ ቀን ጨምሩ። ስትመለሱም ያያችሁትን ላላየው ጎረቤት ንገሩ።