ከባንክ ወደ ሕግ ምክር ቤት፤ የአቶ ቡልቻ ደመቅሳ ሕይወትና ሥራ

ራቤል፦ ሕግ የሚወጣው በአዲስ አበባ ቢሆንም ሕጉ ሥራ ላይ የሚውለው በገበሬው ማሳ፣ በጎተራውና በበረቱ ነው። ስለሆነም በሕግ ምክር ቤት ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ማን ነው? ከየት መጣ? እንጀራውን በምን ሲበላ ኖረ? ብሎ መጠየቅ ለገበሬ ማኅበር መሪ ተራ ወሬ አይደለም። በዚህ ገጽ የምናነሣቸው ሰው አቶ ቡልቻ ደመቅሳ ናቸው። በአገራችን የንግድና የገንዘብ ሥራን ጠንቅቀው ካወቁ በኋላ በሕዝብ ድምፅ ተመርጠው የሕግ አውጪነትን ሥራ ከያዙት ጥቂት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ።

አቶ ቡልቻ የተወለዱት በ1923 ዓ.ም. ገደማ በወለጋ፣ በቦጂ ነው። ዘመኑም የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የወጣበት፣ ምክር ቤት የሚባለው ነገር በአገራችን የተጀመረበት ዘመን ነበር። የዚያን ጊዜ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ የተመረጡ አልነበሩም፤ መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ የመረጧቸው ነበሩ። ሕዝቡ ድምፅ መስጠት የጀመረው የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ በ1949 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜም ቢሆን ለመመረጥ የሚወዳደረው ሰው በምርጫው ወረዳ ንብረት ያለው እንዲሆን ሕጉ ያስገድድ ነበር። ንብረት የሌለው ጭሰኛ ድምፅ ይሰጣል እንጂ አይመረጥም ማለት ነው።

ውጤቱም ብዙ ሳይቆይ ታየ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በጭሰኛና በባለ መሬት መካከል ያለውን ግንኙነት ለማስተካከል የተዘጋጀው የሕግ ረቂቅ ለምክር ቤቱ ቀርቦ ነበር። ነገር ግን በወንበሩ የተቀመጡት አብዛኞቹ ባለ መሬቶች ስለነበሩ ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ። የመንዝ ገበሬ ከአባቱ በወረሰው ርስት ላይ ስለኖረ ይህ ጉዳይ የሩቅ ይመስለው ይሆናል። ለደቡቡና ለምዕራቡ ጭሰኛ ግን የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

አቶ ቡልቻ ትምህርታቸውን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም በአሜሪካን አገር በሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ተከታትለው፣ በገንዘብ ሚኒስቴር እስከ ምክትል ሚኒስትርነት ደረሱ። ቀጥሎም ኢትዮጵያ የምትገኝበትን የአፍሪካ አገሮች ቡድን በመወከል በዋሽንግተን በዓለም ባንክ ሠሩ። አብዮቱ በ1966 ዓ.ም. ሲፈነዳ በውጭ አገር ነበሩ፤ ከዚያ በኋላም በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ውስጥ በአፍሪካ አገሮች አገለገሉ። እስከዚህ ድረስ ታሪካቸው የመንግሥትና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ ታሪክ ነው። ነጋዴ ያሰኛቸው ሥራ የመጣው በስተርጅና፣ ዕድሜያቸው ስድሳን ካለፈ በኋላ ነበር።

ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. የግል ባንኮችና የመድን ድርጅቶች በመንግሥት መወረሳቸው ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በአገሪቱ የግል ባንክ የሚባል አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 84 ወጥቶ ኢትዮጵያውያን ባለ አክሲዮኖች ባንክ ማቋቋም ሲፈቀድላቸው፣ ከስደት የተመለሱት አቶ ቡልቻ ሰዎችን ማሰባሰብ ጀመሩ። አዋሽ ኢንተርናሽናል ባንክ ኅዳር 1 ቀን 1987 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የካቲት 6 ቀን በዚያው ዓመት በሩን ከፍቶ ሥራ ጀመረ። ስሙን የወሰደው ከአዋሽ ወንዝ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ቁጥሩን መመልከት ያስፈልጋል። መሥራቾቹ 486 ነበሩ፤ የተከፈለው ካፒታል ደግሞ 24.2 ሚሊዮን ብር ነበር። ለእያንዳንዱ ሲካፈል ሃምሳ ሺህ ብር ገደማ ይደርሳል። ሁሉም እኩል አላዋጣም፤ አንዱ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ገዝቷል። ዋናው ነገር ግን አንድም ሰው ብቻውን ሊያደርገው የማይችለውን ሥራ መቶዎች ተሰባስበው ማድረጋቸው ነው። ይህ ለዕቁብና ለዕድር ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። ልዩነቱ በድምፁ ላይ ነው። በአክሲዮን ማኅበር ድምፅ የሚቆጠረው በገንዘቡ ልክ ሲሆን፣ በገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ግን ሃምሳ በግ ያለውም አምስት በግ ያለውም እኩል አንድ ድምፅ አለው። ባንኩ በዚህ መልክ ተነሥቶ ዛሬ ከአገሪቱ የግል ባንኮች በትልቅነቱ ቀዳሚ ከሆኑት መካከል ይቆጠራል።

በ1997 ዓ.ም. አቶ ቡልቻ ሰባ ዓመት አልፏቸው ወደ ፖለቲካ ገቡ። የኦሮሞ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ የተባለውን ፓርቲ በሊቀ መንበርነት መርተው፣ ግንቦት 7 ቀን በተደረገው ምርጫ ራሳቸውም ተመርጠው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆኑ። ፓርቲያቸው ያገኘው ወንበር ከ547ቱ 11 ነበር። ከምርጫው በኋላ የነበረውን ሁከት ያላስታወሰ አይኖርም። ትልቁ ተቃዋሚ ቅንጅት አብዛኛው አባላቱ ወደ ምክር ቤቱ አንገባም ሲሉ፣ የአቶ ቡልቻ ፓርቲ ግን ገብቶ ለመከራከር መረጠ። ማን ልክ ነበር የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ የመረጠህ ሕዝብ ልጄ የት ሄደ ብሎ ሲጠይቅ ወንበሩ ላይ መገኘት የራሱ ክብደት አለው።

አሥራ አንድ ድምፅ ከመቶ ሁለት እጅ ማለት ነው። በዚህ ቁጥር ሕግ ማውጣትም ሆነ ማስቆም አይቻልም። የሚቻለው በሰኔ የበጀቱ ረቂቅ ሲቀርብ አሐዙን እየተከተሉ መጠየቅ፣ በመስከረም መጨረሻ ምክር ቤቱ ሲከፈት የመንግሥትን ዕቅድ መተቸት፣ በቋሚ ኮሚቴም ሐሳብን ማስመዝገብ ነው። ለዚህ ደግሞ የቀድሞ የገንዘብ ምክትል ሚኒስትርና የባንክ መሥራች መሆን ጠቅሟል። የበጀት ሰነድ ማንበብ ለአብዛኛው ሰው የውጭ ቋንቋ የማንበብ ያህል ነውና። ወንበሩ ከችግር የሚጠብቅ አልነበረም። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ከሌሎች ብዙ ሰዎች ጋር ታስረዋል።

አሁን ወደ ራቤል ገበሬ ጉዳይ እንምጣ። አቶ ቡልቻ ወንበር ከመያዛቸው ጥቂት ወራት በፊት፣ በሐምሌ 1997 ዓ.ም. የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ወጥቶ ነበር። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም የሚለው የሕገ መንግሥቱ ድንጋጌ በአዋጁም ተደግሟል። ነገር ግን ከአንቀጾቹ አንዱ፣ የገጠር መሬት በኪራይ የወሰደ ባለሀብት የመጠቀም መብቱን በመያዣነት አቅርቦ መበደር እንደሚችል ሲፈቅድ፣ ለገበሬው እንዲህ ያለ መብት አልሰጠም። በአንድ ሸንተረር ሁለት ጎረቤታሞች ቢኖሩ፣ ከውጭ የመጣው ተከራይ ባንክ ይሄዳል፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ያረሰው ግን ባዶ እጁን ይመለሳል ማለት ነው።

ይህ በመንዝና በግሼ ደጋ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ለማኅበር መሪ ማስረዳት አያሻም። በልግ ሲቀር፣ ወይም ገብሱ ሊያሽት ሲል ውርጭ ሲመታው፣ ገበሬው የሚሄደው ወደ በረቱ ነው፤ በጉን ያለ ጊዜው፣ ያለ ዋጋው ይሸጣል። በከተማ ቆርቆሮ ቤት ያለው ባለ ሱቅ ቤቱን አስይዞ ይበደራል። ደህና ማሳና ብዙ የመንዝ በግ ያለው ገበሬ ግን በባንክ ፊት ምንም የሌለው ሰው ነበር። ይህን ክፍተት በተወሰነ ደረጃ የሸፈነው ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሠራው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሕዝቡ በአጭሩ አብቁተ የሚለው ነው። ማበደሪያ መንገዱም ንብረት ማስያዝ ሳይሆን የቡድን ዋስትና ነበር፤ አንዱ ሳይከፍል ሲቀር ጎረቤቶቹ ይከፍላሉ። ጥቅሙ ብዙ ነበር። ይሁን እንጂ ውርጭ አንዱን ብቻ መርጦ አይመታም፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት ሰብሉን ሲያጣ ዋስ የሚሆነው ማን ነው? ተቋሙ በቅርብ ዓመታት ጸደይ ባንክ ወደ መባል ተሸጋግሯል።

የአቶ ቡልቻ የምክር ቤት ዘመን በ2002 ዓ.ም. አበቃ። በዚያን ዓመት ግንቦት 15 ቀን በተደረገው ምርጫ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547ቱ ወንበር 545ቱን ወሰዱ፤ የተቃዋሚዎቹ መድረክ አንድ ብቻ ቀረለት። ፓርቲያቸው በ2004 ዓ.ም. ከኦሮሞ ሕዝብ ኮንግረስ ጋር ተዋሕዶ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ ሆነ። እሳቸውም የሕይወት ታሪካቸውን በመጽሐፍ ጽፈው ትተዋል።

የመያዣው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ተለወጠ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሚንቀሳቀሱ ንብረቶች የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ከብትና በግ፣ የጎተራ ሰብልና የመሬት የመጠቀም መብት ጭምር በመያዣነት እንዲቀርቡ መንገድ ከፈተ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ገበሬው ራሱ የመጠቀም መብቱን ለአበዳሪ ተቋም እንዲያስይዝ ፈቀደ። የሚያዘው መሬቱ ሳይሆን የመጠቀም መብቱ እንደሆነ ልብ ይሏል። ተበዳሪው ካልከፈለ አበዳሪው በዚያ መብት ለተወሰኑ ዓመታት ይጠቀማል፤ ይዞታው ግን ከገበሬው አይነቀልም። ለዚህም የይዞታ ደብተሩ በስምና በድንበር በትክክል የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት ከሆነ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ በድንበር ክርክር ላይ ያለ ወይም ከሟች አባት ስም ያልዞረ ደብተር ለብድር አይበቃም። የማኅበር መሪ ሽምግልና የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው፤ አባሉ ባንክ ሄዶ ከመመለሱ በፊት።

አቶ ቡልቻ ደመቅሳ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አረፉ። ገበሬው የመጠቀም መብቱን እንዲያስይዝ የፈቀደው አዋጅ ከወጣ ያን ጊዜ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር።