ለሕመምተኛው የሚነገር እውነት



በሐዋሳ ከተማ በባህል አዳራሽ በኩል የሚያልፍ ሰው የአባቶችን ልማድ ያስታውሳል። ነገር ግን ባህል በአዳራሽ ተወስኖ የሚቀር አይደለም፤ በሆስፒታልም ሕመምተኛው ከተኛበት አልጋ አጠገብ ቆሞ ይገኛል። የዛሬው ንግግራችንም ነርስ በልማድና በሙያ ግዴታ መካከል ስለምትወስነው ውሳኔ ነው።

ለምሳሌ አንድ ሽማግሌ ከሲዳማ ገጠር መጥተው በሆስፒታል ተኝተዋል እንበል። በምርመራው ደዌያቸው የማይድን መሆኑ ታውቋል። ታላቅ ልጃቸው ነርሷን ወደ ውጭ ጠርቶ፣ «ሲስተር፣ እባክዎን ለአባታችን እንዳይነግሯቸው፤ ልባቸው ይሰበራል» ይላታል። ማታ መድኃኒት ይዛ ስትቀርብ ደግሞ ሽማግሌው ራሳቸው፣ «ልጄ፣ እድናለሁ ወይ?» ብለው ይጠይቋታል። እንግዲህ ምን ትመልስ?

የልጁ ልመና ከክፋት የመጣ አይደለም። በአገራችን የሐዘን ወሬ በድንገት አይነገርም። ይሁን እንጂ መርዶ ጊዜና ሰው ይመረጥለታል እንጂ ጨርሶ ተሰውሮ አይቀርም። በሲዳማም ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገር ሲመረምሩ ከሁሉ አስቀድመው የሚፈልጉት ሀላሌን፣ ይኸውም እውነትን ነው። ስለዚህ ባህላችን የሚያስተምረን የአነጋገርን ጥበብ እንጂ ሐሰትን አይደለም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። በሽታው ከራሱ ከባለቤቱ የተደበቀበት ሰውስ ምን ይሆናል? ለመናዘዝ፣ የተጣላውን ለመታረቅ፣ ልጆቹን ለመመረቅ፣ ወይም በቤቱ ለማረፍ የቀረችው ጊዜ ሳያውቃት ታልፍበታለች። ይህን ጉዳት ማንም ሊክሰው አይችልም።

ምስጢሩም የሕመምተኛው ነው። የዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት በ1953 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የሥነ ምግባር ደንብ የምስጢር ጥበቃን ከነርስ ግዴታዎች መካከል አስቀምጦታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በሙያው ያወቀውን ምስጢር ያለ ፈቃድ የሚገልጽ ሰው እንዲቀጣ ደንግጓል። እንግዲያው «ለአባት እንንገር ወይ?» ከማለት በፊት «አባት ሳይፈቅዱ ለልጅ ለምን ተነገረ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ታዲያ ነርሷ ምን ታድርግ? የምርመራውን ውጤት ቀድሞ መግለጽ የሐኪሙ ድርሻ ስለ ሆነ፣ በችኮላ አትናገር፤ ነገር ግን «ይድናሉ» ብላ አትዋሽ። ይልቁንም አጠገባቸው ተቀምጣ፣ «አባባ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ለማወቅ ይፈልጋሉ? ማንስ አብሮዎት እንዲሰማ ይወዳሉ?» ብላ ትጠይቅ። ሽማግሌው «ለልጄ ንገሩት፤ እኔ መስማት አልሻም» ቢሉ፣ ይህም የራሳቸው ምርጫ ስለ ሆነ ይከበርላቸዋል። ሽማግሌው የሚናገሩት ሲዳምኛ ብቻ ሆኖ እርሷ ካላወቀችው፣ ልጁን አስተርጓሚ ከማድረግ ቋንቋውን የሚያውቅ የሥራ ባልደረባ ትጥራ፤ ለመሰወር የሚሻ ሰው ቃሉን አለሳልሶ ሊያልፈው ይችላልና። የሰማችውንም ለሐኪሙ አስታውቃ በሕመምተኛው መዝገብ ላይ ትጻፈው። ልጁንም ሳትገሥጽ ፍርሃቱን ታዳምጠው፤ አባቱን ነገ የሚደግፈው እርሱ ነውና።

አድማጮቻችን ሆይ፤ የነርስ ኅሊና የሚፈተነው በታላላቅ ጉባኤዎች ሳይሆን እንዲህ ባለች የማታ ጥያቄ ነው። እኛም ቤተ ዘመዶች «እንዳትነግሩ» ብለን ከመለመናችን አስቀድመን፣ የተኛነው እኛ ብንሆን ምን እንደምንመርጥ ራሳችንን እንጠይቅ።