የልጅ ክርን ሲሰበር፦ ከማሰሪያው በኋላ የሚመጡት ዓመታት

ልጅ ከማንጎ ዛፍም ሆነ ከአህያ ጀርባ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ስለሚመክት፣ ከክርን ከፍ ብሎ የሚገኘው ቀጭኑ የክንድ አጥንት ክፍል ይሰበራል፤ ይህ ስብራት በተለይ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይበዛል። በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ገጠር ሁሉ፣ ብዙ ቤተሰብ በቅድሚያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው፤ ወጌሻው ቅርብና የታመነ በመሆኑ፣ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ ደብረ ብርሃን መድረስ ደግሞ ጊዜና ገንዘብ ስለሚጠይቅ፣ ይህ ምርጫ የሚያስወቅስ አይደለም።

አደጋው ወጌሻው ከሚያስረው የቀርከሃ ማሰሪያ ጥብቀት ይመጣል። የተሰበረ ክርን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እያበጠ ስለሚሄድ፣ ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደም ወደ ክንዱ እንዳይደርስ ያግዳል፤ ደም የተነፈገ ጡንቻም 6 ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ መሞት ይጀምርና በጠባሳ ተተክቶ ጣቶቹን ለዘለቄታው ያኮማትራል። ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን በ1881 እ.ኤ.አ. ያብራራው ይህ ጉዳት፣ ሲከፋ እጅን እስከ መቁረጥ ያደርሳል። ስለዚህ የልጁ ጣቶች ከገረጡ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ፣ ቀና ሲደረጉለትም ከልክ በላይ ከጮኸ፣ ማሰሪያው ማታም ቢሆን ወዲያውኑ ተፈቶ ልጁ ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። ወጌሻን ከማውገዝ ይልቅ ይህን ምልክት ማስተማር ብዙ እጅ ያተርፋል።

አጥንቱ ከገጠመ በኋላ ክርኑ ለወራት ደርቆ ቢቆይ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ልጁ ሲጫወትና ሲሠራ በራሱ ይፈታል፣ በኃይል ማሸትና መጎተት ግን በጡንቻው ውስጥ አጥንት እንዲበቅል ሊያደርግ ይችላል። በስብራቱ የተጎዳ ነርቭም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ያገግማል።

ተጣሞ የገጠመ ክርን ግን ሌላ ነው። የክንድ አጥንት ከርዝመቱ 80 በመቶ ያህሉን የሚያድገው በትከሻ በኩል፣ በክርን በኩል ደግሞ 20 በመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ጥመቱን ዕድገት አያቃናውም፤ ማቃናት የሚቻለው በቀዶ ሕክምና ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው የክርን ውጫዊ ጎን ስብራት ነው፤ ሳይገጥም ከቀረ ክንዱን ቀስ በቀስ ወደ ውጭ እያጣመመ በክርን ውስጠኛ ጎን የሚያልፈውን ነርቭ ይወጥራል፣ ድንዛዜውም ከብዙ ዓመታት በኋላ በትንሿ ጣት ላይ ይጀምራል። ጎልማሳ ሆኖ ይህ የሚሰማው ሰው የልጅነት ውድቀቱን ለሐኪም መንገር ይኖርበታል፤ ነርቩ ከውጥረቱ ሳይላቀቅ በቆየ ቁጥር የእጁ ጡንቻ እየመነመነ ይሄዳልና።