«ግንብ» ወይስ «ማማ»? የኤፍል ሥራ ንድፍና አቻ ቃሎቹ

የቴክኒክ ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ታወር» የሚለውን ቃል ሲያገኝ ሁለት አቻዎች ከፊቱ ይደቀናሉ፤ «ግንብ» እና «ማማ»። በፓሪስ የቆመውን የኤፍልን ሥራ አንዳንዶች በመጀመሪያው፣ ሌሎች በሁለተኛው ይጠሩታል። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ልዩነቱ የአጻጻፍ ምርጫ ብቻ ሳይሆን የምህንድስና ጉዳይም ነው።

«ግንብ» ከ«ገነባ» ጋር የተዛመደ ሲሆን፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተክቦ በጭቃ፣ በኖራ ወይም በሲሚንቶ የተያያዘ ሥራን ያሳስባል። እንዲህ ያለው ሥራ ነፋስን የሚቋቋመው በክብደቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 የተጠናቀቀው የዋሽንግተን የድንጋይ ሐውልት ከፍታው 169 ሜትር ያህል፣ ክብደቱ ከ80,000 ቶን በላይ ነው። ከ5 ዓመት በኋላ የቆመው የፓሪሱ ሥራ ግን 300 ሜትር ከፍ ብሎ (ዛሬ ከነአንቴናው 330 ነው) የብረት አካሉ 7,300 ቶን ብቻ ይመዝናል፤ የዋሽንግተኑን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ብረቱ በሙሉ ቀልጦ ጎኑ 125 ሜትር በሆነው መቆሚያው ላይ ቢፈስ፣ ውፍረቱ ከ6 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም።

ታዲያ በምን ቆመ? በቅርጹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 የመጀመሪያውን ንድፍ ያወጡት የኤፍል መሐንዲሶች ሞሪስ ኬክላንና ኤሚል ኑጊዬ ሲሆኑ፣ የስሌቱ መነሻ ነፋስ ነበር። ነፋስ ከጎን ሲገፋ የመገልበጥ ውጤቱ ከጫፍ ወደ መሠረት በተወረደ መጠን ይበረታል፤ ከላይ ያለው ግፊት ሁሉ ይደመራል፣ ርቀቱም አብሮ ይረዝማል። አራቱ እግሮችም ይህንኑ ተከትለው ከላይ ይቀራረባሉ፣ ከታች ይራራቃሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት በሰፋ መጠን የመገልበጥ ውጤቱ በእያንዳንዱ እግር ላይ የሚያሳድረው ጭነት ይቀላል። አካሉ ፍርግርግ በመሆኑም ብዙው ነፋስ በመካከሉ ያልፋል። ከመጀመሪያው ፎቅ በታች የሚታዩት ታላላቅ ቅስቶች ግን አርክቴክቱ እስቴፋን ሶቬስትር ለውበት ያስገባቸው ናቸው፤ «ሥራውን የተሸከሙ ቅስቶች» ብሎ መተርጐም ስሕተት ነው።

እንግዲህ ገበሬ ማሽላውን ከወፍና ከዝንጀሮ የሚጠብቅበትን ማማ እናስብ። በቋሚ እንጨቶች ላይ የተሠራ፣ ነፋስ በመካከሉ የሚያልፍ፣ ቀላል ከፍታ ነው። መጠናቸው እጅግ ቢለያይም የአቋቋማቸው ባሕርይ አንድ ነው፤ «የኤፍል ማማ» የሚለውም በዚህ ምክንያት ይመረጣል። ማማ ለአንድ መኸር የሚሠራ ጊዜያዊ ነገር አይደለምን? የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። የኤፍልም ሥራ በመጀመሪያ የተፈቀደለት ዕድሜ 20 ዓመት ብቻ ነበር።

በዚሁ ንድፍ ገለጻ ውስጥ ተርጓሚን በእጅጉ የሚያስተው ቃል «ሞመንት» ነው። መዝገበ ቃላት ከፍቶ «ቅጽበት» የሚል ሰው ዐረፍተ ነገሩን ከጊዜ ጋር ያያይዘዋል። በሜካኒክስ ግን ቃሉ ኃይል በርቀት ሲባዛ የሚገኘውን ውጤት ያመለክታል። «ገልባጭ ኃይል» የሚለውም አያጠግብም፤ ነገሩ ራሱ ኃይል አይደለምና። የተሻለ እስኪገኝ ድረስ «ሞመንት»ን እንዳለ ወስዶ በመጀመሪያው ቦታ መፍታት ይሻላል።

ስለ ብረቱ ደግሞ፣ «አረብ ብረት» ብሎ መጻፍ እውነቱን ያዛባል። ማማው የተሠራው በምድጃ ውስጥ በረጅም ዘንግ እየተማሰለ ካርቦኑ ከተቀነሰለት ብረት ነው። «የተማሰለ ብረት» ብንል «ማማሰያ»ን የሚያውቅ ሁሉ የአሠራሩን ዘዴ ከስሙ ይረዳል፤ ከ«ተመሳሰለ» ጋር እንዳይምታታ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ክፍሎቹን ያያያዙት 2,500,000 ሪቬቶችም «ሚስማር» ወይም «ቡሎን» ሊባሉ አይገባም። ሪቬት ግሎ ከገባ በኋላ ጫፉ ይቀጠቀጣል፤ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ዝርግ ብረቶቹን እርስ በርስ አጥብቆ ይይዛል። ይህን ሁሉ በአንድ ቃል የሚገልጽ ነባር የአማርኛ ስም ባለመለመዱ፣ የባለሙያዎቹን «ሪቬት» መያዝ ይበቃል።