ሲጠየቅ ብቻ የሚናገረው የጆሮ መለያ

ከባሕር ዳር ወጣ ብላ በምትገኘው በሰባታሚት የሚኖር ባለከብት ላሙን ከጎረቤቱ ላም የሚለያት በመልኳ፣ በቀንዷ አበቃቀልና ባወጣላት ስም ነው፤ መንጋው ጥቂት፣ እረኛውም የቤት ልጅ እስከ ሆነ ድረስ ለዚህ ዕውቀት የሚጎድለው ነገር የለም። ነገር ግን በጢስ ዓባይ መንገድ እንዳለው እንደ አንዳሳ ያለ፣ የፎገራን ዝርያ የሚጠብቅና የሚያሻሽል የምርምር ማእከል፣ የላምና የጥጃ ትውልድ ተቈጥሮ ካልተጻፈለት ድካሙ ከንቱ ይሆናል። በሬዲዮ ሞገድ የሚነበበው፣ አር ኤፍ አይ ዲ የተባለው መለያ ለከብት የተፈለገው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው፤ የሚያስገርመውም፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነገሩን ለከብት ካሰቡት መካከል የአቶሚክ ቦምብ የተሠራበት የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ሊቃውንት መገኘታቸው ነው።

በላሟ ጆሮ የሚንጠለጠለው ፕላስቲክ በውስጡ ጥቅል ሽቦና ረቂቅ ቺፕ እንጂ ባትሪ የለውም። አንባቢው መሣሪያ በአንቴናው 134.2 ኪሎ ኸርትዝ የሚርገበገብ መግነጢሳዊ መስክ ሲዘረጋ፣ ቺፑ፣ የቆሎ ተማሪ የዕለት ቁራሹን ከቆመበት ደጅ እንደሚቀበል፣ ኃይሉን ከጠያቂው ተቀብሎ ይነቃል፣ ቍጥሩንም ይናገራል፤ መስኩ ሲርቅ ተመልሶ ድዳ ይሆናል። ዝቅተኛው ሞገድ መመረጡም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ900 ሜጋ ኸርትዝ አካባቢ ያለው ሞገድ የመጋዘን ካርቶን ከበርካታ ሜትር ርቀት ቢያነብም፣ አብዛኛው ውኃ የሆነው የእንስሳ አካል ይውጠዋል፤ ዝቅተኛው ግን ሥጋን ያልፋል፣ ላሟ ወደ መሣሪያው እስክትቀርብ መታገሥ ግን ግድ ነው።

በ2017 ዓ.ም. መሰጠት የጀመረው የኢትዮጵያ ኤሌክትሮኒክ ፓስፖርትም የዚሁ ቤተ ሰብ ነው፤ ሆኖም የፓስፖርት ቺፕ፣ አንባቢው አስቀድሞ የታተመውን ገጽ ካላየ ምሥጢሩን አይገልጥም። የላሟ መለያ ግን ለጠየቀው ሁሉ ይመልሳል፤ የሚመልሰውም 15 አኃዝ ብቻ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የአገር (የኢትዮጵያ 231 ነው) ወይም የአምራቹ መለያ፣ የቀሩት 12 የእንስሳዋ ናቸው። እናቷ ማን እንደ ሆነች፣ መቼ እንደ ተከተበች አያውቅም፤ ይህ ያለው በኮምፒዩተር በተያዘው መዝገብ ነው። ሻጮች መለያውንና አንባቢውን አስቀድመው ያሳያሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን ከሥርዐቱ ክፍሎች ሁሉ ከባዱ መዝገቡ ነው፤ ላሟ ስትሸጥ፣ ስትታረድ ወይም መለያው በእሾህ ተነጭቶ ሲወድቅ በዕለቱ የሚጽፍ ሰው ይሻልና። በምትኩ የሚደረገው መለያ ሌላ ቍጥር ይዞ ስለሚመጣም፣ ሁለቱን ቍጥሮች ባንዲት ላም ስም የሚያገናኛቸው ጸሓፊው ነው።