ከስክሪን እስከ ሸማኔ፦ ኮንፊገሬተርን ከኦንላይን መደብር ጋር ማጣመር

ኮንፊገሬተር ገዢው የሚፈልገውን ዕቃ ክፍል በክፍል እየመረጠ እንዲያሠራ የሚያስችል ሶፍትዌር ነው። ምርጫዎቹን በቅደም ተከተል ያቀርባል፣ አብረው የማይሄዱትን ይከለክላል፣ ዋጋውን ያሰላል፣ በመጨረሻም ሠሪው አንብቦ የሚሠራበትን ትእዛዝ ያወጣል። ቅርጫቱን፣ ክፍያውን፣ ግብሩንና ማጓጓዣውን የሚይዘው ግን ኦንላይን መደብሩ ነው። ሁለቱ የሚጣመሩት ገዢዋ ያየችው፣ የከፈለችበትና ሠሪው እጅ የደረሰው አንድ ዓይነት ዕቃ እንዲሆን ነው። ዓይን የሚስበው በስክሪኑ ላይ ቀለም የሚለዋውጠው ሥዕል ነው፤ ድካሙ ያለው ግን ከሥዕሉ ጀርባ ነው።

ሐሳቡ ከኢንተርኔት ገበያ ይቀድማል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲው ጆን ማክደርሞት ለዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ ኤክስኮን የተባለ ፕሮግራም ሠራ። የኩባንያው ቫክስ ኮምፒውተሮች እንደ ገዢው ፍላጎት ከብዙ ክፍሎች የሚገጣጠሙ ስለነበሩ፣ በትእዛዝ ላይ አንድ ኬብል ቢረሳ ማሽኑ ደንበኛው ዘንድ ደርሶ አይሠራም ነበር። ኤክስኮን በሺህ በሚቆጠሩ «ይህ ከሆነ ያ ይሁን» በሚሉ ደንቦች እያንዳንዱን ትእዛዝ ይፈትሽና የጎደለውን ይሞላ ነበር። በ1990ዎቹ ዴል ኮምፒውተርን፣ ናይኪም ጫማን ገዢው በድረ ገጽ ላይ ራሱ እየመረጠ እንዲያዝ አደረጉ፤ በባለሙያ እጅ የነበረው መሣሪያ ወደ ተራው ሸማች ወረደ።

ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነው ምሳሌ የሐበሻ ቀሚስ ነው። በደቡብ ለንደን ስቶክዌል የምትኖር ሴት ለሠርግ ወይም ለጥምቀት የሚሆን ቀሚስ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ልታሠራ ትችላለች እንበል። የተለመደው መንገድ ፎቶ በስልክ መላክ፣ ልኬት በድምፅ መልእክት መናገር፣ ከዚያም መጠበቅ ነው። «ያኛው አረንጓዴ» የተባለው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ቀሚሱ ሲደርስ ነው። ኮንፊገሬተር የሚተካው ይህን ውይይት ነው። አንድ መደብር 4 ዓይነት ጨርቅ፣ 6 የጥለት ንድፍ፣ 8 ቀለም፣ 3 ዓይነት እጅጌ፣ 3 ዓይነት አንገትና 7 መጠን ቢያቀርብ 12,096 የተለያዩ ቀሚሶች ይወጣሉ፤ መቀነትና ነጠላ ገና አልተቆጠሩም።

የመጀመሪያው ችግር እዚህ ላይ ይነሣል። የመደብር ሶፍትዌሮች የተሠሩት መደርደሪያ ላይ ተቆጥሮ ለሚቀመጥ ዕቃ ነው። ነጋዴዎች ኦንላይን መደብር በሚከፍቱበት በሾፒፋይ አንድ ምርት ሊኖረው የሚችለው ልዩ ልዩ ቅጂ ለብዙ ዓመታት ከ100 አይበልጥም ነበር፤ በቅርቡ 2,048 ቢደርስም የምርጫው ዓይነት አሁንም በ3 ይወሰናል። ጨርቅ፣ ቀለምና መጠን ብቻ ቦታውን ይሞሉታል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀሚስ አስቀድሞ መመዝገብ አይሞከርም። በመደብሩ አንድ መነሻ ቀሚስ ይመዘገባል፤ ቀሚሱ ቅርጫት ውስጥ ሲገባ ምርጫዎቹ እንደ ማስታወሻ ይያያዙበታል። ከማስታወሻው ጋር ወደ ሙሉው ዝርዝር የሚመራ መለያ ቁጥር መኖሩ ይበጃል፣ ዝርዝሩ ረጅም ሲሆን ማስታወሻው ብቻውን ለስሕተት ይዳርጋልና።

ሁለተኛው ችግር ዋጋ ነው። በሾፒፋይ ማስታወሻው ጽሑፍ እንጂ ገንዘብ አይደለም፤ ሙሉ ጥለት መረጥሁ ቢል ዋጋው አይጨምርም። ጭማሪዎቹን እንደ ስውር ምርቶች መዝግቦ ከቀሚሱ ጋር ቅርጫት ማስገባት አንዱ መፍትሔ ነው። ሌላው ረቂቅ ትእዛዝ በተሰላው ዋጋ አዘጋጅቶ ገዢዋን ወደ ክፍያው መምራት ነው። ቅርጫቱን በራሱ በመደብሩ ውስጥ የሚያስተካክል ተግባር መጻፍም ይቻላል፤ ዋጋን በቀጥታ የሚለውጠው ክፍል ግን ውድ ለሆነው «ሾፒፋይ ፕላስ» አገልግሎት ለሚከፍሉ ብቻ የተፈቀደ ነው። በድረ ገጽ መሥሪያው በዎርድፕረስ ላይ የሚሠራው የመደብር ሶፍትዌር ዉኮመርስ በዚህ በኩል ልል ነው፦ ፕሮግራሙ በነጋዴው ሰርቨር ላይ ስለሚገኝ፣ ድምሩ ከመሰላቱ በፊት የራስን ስሌት ማስገባት ይቻላል። ጥገናውና ጥበቃውም በዚያው ልክ የነጋዴው ዕዳ ይሆናል።

የትኛውም ቢመረጥ፣ ከገዢዋ ስልክ የመጣን ዋጋ አምኖ መቀበል አደገኛ ነው። ብራውዘር ላይ ያለ ቁጥር በቀላሉ ይለወጣል፤ 180 ፓውንድ የነበረው 18 ሆኖ ሊላክ ይችላል። ስልኩ ምርጫውን ብቻ ይላክ፣ ዋጋውን ሰርቨሩ እንደገና ያስላ፤ ደንቦቹም እዚያው ይፈተሹ።

ሥዕሉን በተመለከተ ሻጮች ባለ ሦስት አውታር (3D) ምስል ይወዳሉ፤ ለመኪናና ለቤት ዕቃም ይሠራል። ለሸማ ግን በሚገባ የተነሡ ፎቶዎችን በንብብር መደርደር ይሻላል፤ በኮምፒውተር የተሳለ ጥለት የክሩን አንጸባራቂነት እምብዛም አይዝም፣ ገጹንም በስልክ ላይ ያዘገየዋል።

የግብሩ ጉዳይ ከሚጠበቀው በላይ ውስብስብ ነው። በብሪታንያ የልብስ ተጨማሪ እሴት ታክስ 20 በመቶ ሲሆን፣ የልጆች ልብስ ግን ዜሮ ነው። እናትና ልጅ አንድ ዓይነት ቀሚስ ቢያሠሩ፣ መጠን መቀየሪያው ግብሩንም አብሮ መቀየር አለበት ማለት ነው፤ ቀላሉ ዘዴ የልጆቹን ቀሚስ ራሱን የቻለ ምርት ማድረግ ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ ስቶክዌል የሚላክ ከሆነ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ የ135 ፓውንድ ወሰን አለ። እስከዚያ ድረስ ታክሱን የሚሰበስበው ሻጩ በሽያጩ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በጉምሩክ ይከፈላል። አንድ ነጠላ መጨመር እሽጉን ከወሰኑ ሊያሻግረው ስለሚችል፣ ስሌቱ የሚሠራው በእያንዳንዱ ምርጫ ሳይሆን በሙሉው ቅርጫት ላይ ነው።

ክፍያው ሲፈጸም መደብሩ ወደ ሠሪው ስርዓት መልእክት ይልካል። ይህ መልእክት አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ሊደርስ ስለሚችል፣ ተቀባዩ የትእዛዙን ቁጥር ካላመሳከረ ሸማኔው ሁለት ቀሚስ ይጀምራል። ለሸማኔው የሚደርሰው ወረቀት በአማርኛ፣ ከሥዕሉ ጋር፣ ልኬቱም በአንድ መለኪያ የተጻፈ ይሁን፤ ወገቧን በኢንች የምታውቅ ደንበኛ ሴንቲሜትር በተጠየቀችበት ሳጥን ውስጥ 30 ብላ እንዳትጽፍ ሶፍትዌሩ የማይመስል ቁጥርን መመለስ አለበት። የክምችት ቁጥጥሩም ከቀሚስ ወደ ጨርቅና ጥለት ይዛወራል፦ የሚያልቀው «ቀሚስ» ሳይሆን ወርቃማው ክር ነው። ክሩ ሲያልቅ ምርጫው ከገጹ ይወርዳል፤ በፊት የታዘዙት ግን እንደተጻፉ እንዲነበቡ ዝርዝሩ ከነዘመኑ ይቀመጣል።

ይህ መዝገብ መመለስ ሲጠየቅም ያገለግላል። በ2013 የወጣው የብሪታንያ የሸማቾች ደንብ በርቀት ለገዛ ሰው የ14 ቀን የመሰረዣ ጊዜ ይሰጣል፤ በገዢው ልዩ ትእዛዝ የተሠራ ዕቃ ከዚህ ውጭ ነው። መንግሥት ባወጣው ማብራሪያ ግን ከተዘጋጁ አማራጮች መርጦ ማጣመር ብቻውን ልዩ ትእዛዝ አይባልም። በራሷ ልኬት የተሰፋው ቀሚስ እና ከዝርዝሩ በ«መካከለኛ» መጠን የተመረጠው ስለዚህ በሕግ ፊት ሊለያዩ ይችላሉ። ኮንፊገሬተሩ ልዩነቱን ከክፍያ በፊት ለገዢዋ ማሳየትና የተስማማችበትን ከትእዛዙ ጋር መመዝገብ ይኖርበታል። ዕቃው ጉድለት ካለበት ግን በልኬትም ቢሠራ ሻጩ ከተጠያቂነት አያመልጥም።