መጽሐፉ ሳይዘጋ ምስሉ ይመርመር

በምዕራብ ሸዋ ከአዲስ ዓለም እስከ ጊንጪ፣ ከአምቦና ከጉደር እስከ ጌዶና ባኮ፣ በከተሞቹም ሆነ በዙሪያቸው ባሉት የገጠር አጥቢያዎች፣ ከካህናቱ ወይም ከሰበካ ጉባኤው አባላት አንዱ እንኳ ካሜራ ያለው የእጅ ስልክ ያልያዘበት ደብር ማግኘት ዛሬ አስቸጋሪ ነው። የጥምቀቱ በዓል፣ የሕንፃው ሥራ፣ የጎለበተው ምንጭና የተተከለው ችግኝ ሁሉ በዚሁ ስልክ ይነሣል። ከዕቃ ቤት የሚወጣው የብራና መጽሐፍም አልፎ አልፎ ይነሣል። ይሁን እንጂ ከዓመት በኋላ ምስሉ ሲፈለግ፣ ፊደሉ የደበዘዘ፣ በመካከሉ ገጽ የተዘለለበት፣ አለዚያም ስልኩ ከባለቤቱ ጋር ወደ ሌላ ከተማ የሄደ ሆኖ ይገኛል። መጽሐፉ ተገልጧል፣ ካህናቱም ደክመዋል፤ ለአጥቢያው የተረፈው ግን ጥቂት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ፎቶግራፍ ማንሣትን ብቻ ሳይሆን ብዙዎቻችን የምንዘነጋውን የሥራውን ሁለተኛ ግማሽ ነው። ይኸውም የተነሣውን ምስል በስልኩ የምስል ማሳያ መተግበሪያ፣ በተለምዶ «ጋለሪ» በምንለው፣ ከፍቶ መመርመር፣ በቅደም ተከተል ማስቀመጥና መጠበቅ ነው። ምክራችን በአጭሩ ሲነገር፣ መጽሐፉ ሳይዘጋ ምስሉ ይመርመር የሚል ነው።

ምስሉ ለምን ያስፈልጋል?

ቤተ ክርስቲያናችን ንብረቷን መዝግባ የመያዝ የቆየ ልማድ አላት። አባቶቻችን የመጻሕፍቱንና የንዋያተ ቅድሳቱን ዝርዝር፣ የተሰጠውንም ርስትና ጉልት፣ በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎችና በኅዳጉ ላይ ይጽፉ ነበር። ወንጌሉ በክብር የሚጠበቅ መጽሐፍ እንደ መሆኑ፣ በእርሱ ላይ የሰፈረውን ቃል ማንም በድፍረት አይፍቀውም ነበርና።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ይኸው ልማድ በአዲስ መሣሪያ ቀጠለ። መንበረ ፓትርያርክ በአሜሪካ ሚኒሶታ ከሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር፣ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የማይክሮፊልም ሥራ ተጀመረ። በየአድባራቱና በየገዳማቱ ይገኙ ከነበሩት የብራና መጻሕፍት ወደ 9 ሺህ የሚጠጉት በፊልም ተነሡ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም የስብስቡን ካታሎግ በማዘጋጀት ረጅም ዘመን ደከሙ። በዚያን ጊዜ ፊልሙን ለማንበብ ልዩ ማሽን ወዳለበት ቤተ መጻሕፍት መሄድ ግድ ነበር። ዛሬ ግን ከስብስቡ ብዙው በኢንተርኔት ስለሚገኝ፣ በአምቦ ያለ ዲያቆን በእጁ ባለው ስልክ ሊመለከተው ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ስርቆት ነው። አፍሮ አይገባ የተሰኘው የላሊበላ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከአገር ወጥቶ ነበር፤ በቤልጅየም ተገኝቶ በ1993 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። ይህ መስቀል መልኩ በሰፊው የታወቀ ቅርስ ነበር። ከአንዲት የገጠር አጥቢያ የጠፋ መስቀል ወይም ተአምረ ማርያም ግን በገበያ ላይ ቢገኝ፣ «ይህ የእኛ ነው» ለማለት ምን እናቀርባለን? የካህናቱ ምስክርነት የተከበረ ቢሆንም፣ የመጽሐፉን ጥግ የነካውን የሰም ጠብታ፣ የተሰፋውን የብራና ቀዳዳ ወይም በመስቀሉ ክንድ ላይ ያለውን ስንጥር የሚያሳይ ምስል ሲጨመርበት ክርክሩ ይጸናል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርሶች እንዲመዘገቡ ይደነግጋል። ምስል ለምዝገባው አጋዥ ነው እንጂ ምትኩ አይደለም።

ስርቆትም ባይኖር የክረምቱ እርጥበት፣ አይጥ፣ ምስጥና የጧፍ እሳት አሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ በማያቋርጥበት በእኛ ደጋ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ዕቃ ቤት በአንድ ክረምት ምን ያህል ብራና እንደሚያበላሽ አባቶች ያውቁታል።

ከማንሣት በፊት

ሥራው በደብሩ አስተዳዳሪና በሰበካ ጉባኤው ውሳኔ፣ ሀገረ ስብከቱም እያወቀው ይጀመር። ታቦቱና ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ከዕይታ የሚጠብቀው ሁሉ በካሜራ ፊት አይቀርብም፤ ይህ ለክርክር የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም። መጽሐፉን የሚገልጥ አንድ ካህን፣ የሚያነሣ አንድ ሰው፣ ምስሉን የሚመረምርና በደብተር የሚመዘግብ ሌላ ሰው ቢመደቡ ሥራው የተቃና ይሆናል።

እጅ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ የስልኩ ሌንስም በንጹሕ ጨርቅ ይወልወል። ብርሃኑ ከመስኮት ወይም ከደጀ ሰላሙ ጥላ በጎን በኩል ይግባ፤ የስልኩ ፍላሽ ግን አይብራ፤ በብራናው ላይ አንጸባርቆ ፊደሉን ይሸፍነዋልና። መጠኑ እንዲታወቅ በመጀመሪያው ምስል ላይ ከመጽሐፉ ጎን ማስመሪያ ይቀመጥ። ከዚያም ሽፋኑ፣ ጀርባውና እያንዳንዱ ገጽ፣ ባዶውም ሳይቀር፣ በተራ ይነሣ።

ሁለት ገጽ በአንድ ምስል ማንሣት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ዋጋው ግን በሒሳብ ይታያል። ባለ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ በረጅሙ ጎን 4000፣ በአጭሩ 3000 ያህል ነጥቦች ይይዛል። ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር የሆነ አንድ ገጽ ረጅሙን ጎን ከሞላው ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር 13 ያህል ነጥቦች ይደርሱታል። ተዘርግተው 44 ሴንቲሜትር የሚሰፉ ሁለት ገጾች በአንድነት ቢነሡ ግን ወደ 9 ይወርዳል። ለዋናው ጽሑፍ ይህ ይበቃ ይሆናል። በኅዳጉ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የስጦታ ቃል ግን የሚደበዝዘው በዚህ ጊዜ ነው፤ ለአጥቢያው ታሪክ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ሊሆን ይችላል።

ምርመራው

እያንዳንዱ ገጽ እንደ ተነሣ፣ ቅጠሉ ሳይገለበጥ፣ ምስሉ በጋለሪው ይከፈት። በሁለት ጣት ገጹን ገፋ ገፋ በማድረግ፣ ወይም በአንድ ጣት ሁለት ጊዜ መታ መታ በማድረግ ይጎላል። ከዚያም ምስሉን በጣት እየጎተቱ አራቱን ማዕዘንና መካከሉን መመልከት ይገባል፤ መካከሉ ጠርቶ ዳሩ የሚደበዝዝበት ጊዜ ብዙ ነውና።

መመዘኛው ቀላል ነው። «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው የቅጥያዋ ቦታ ብቻ ነው፤ አንዱ ከወገቡ፣ ሌላው ከእግሩ። ጎልቶ በታየው ምስል ላይ ይህ ልዩነት ያለ ጥርጥር ከታየ ምስሉ በቂ ነው። ካልታየ ይደገም። በቀይ ቀለም የተጻፉት ቅዱሳት ስሞችም በጥላ ውስጥ እንዳልጠፉ ይታይ። ምስሉ ከመጠን በላይ ሲጎላ አራት ማዕዘን ነጥቦች ብቻ ይታያሉ፤ ማሳያው በካሜራው ያልተያዘውን ፊደል ሊፈጥር አይችልምና። ስለዚህ «በኋላ አጉልተን እናነበዋለን» ማለት ተስፋ ብቻ ነው። የስክሪኑ ብርሃን በመቀነሱ የጨለመ የሚመስል ምስልም አለ፤ ከመድገማችን በፊት የስክሪኑን ብርሃን ከፍ አድርገን እንየው።

ለምን ወዲያውኑ? ጋለሪው ምስሎችን የሚደረድረው በአብዛኛው በተነሡበት ቀንና ሰዓት ነው። በ17ኛው ገጽ ላይ የተፈጠረ ስሕተት ሥራው ካለቀ በኋላ ቢታረም፣ አዲሱ ምስል ከመጨረሻው ገጽ ቀጥሎ ይሰለፋል። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰውም ገጹ የት እንደሚገባ አያውቅም። የስልኩ ሰዓትና ቀን ትክክል መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጥ የምንለውም ስለዚህ ነው። ከዚህ ሌላ፣ ያረጀ ብራና በተገለጠ ቁጥር ይጎዳል፤ አንድ ጊዜ የወጣውን መጽሐፍ ለአንድ ገጽ ብሎ እንደገና ማውጣት ተገቢ አይሆንም።

ሲጠናቀቅ ቁጥር ይቆጠር። 120 ቅጠል ያለው መጽሐፍ 240 ገጽ ነው፤ ሁለቱ ሽፋኖች፣ ጀርባውና ማስመሪያው ያለበት የመጀመሪያው ምስል ሲጨመሩ 244 ምስሎች ሊኖሩ ይገባል። ጋለሪው የአልበሙን የምስል ብዛት ይነግረናል። ቁጥሩ ካልገጠመ መጽሐፉ ገና ጠረጴዛው ላይ ሳለ የጎደለው ይፈለግ።

ስያሜና ማስተካከያ

ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ወይም ንዋየ ቅድሳት በጋለሪው ውስጥ የራሱ አልበም ይከፈትለት። አልበሙ በንብረት መዝገቡ ላይ ባለው ቁጥር ይሰየም። የቤተሰብ ፎቶግራፍ ከመጽሐፉ ገጾች ጋር እንዳይደባለቅ ጥንቃቄ ይደረግ። በደብተሩ ላይ ደግሞ የመጽሐፉ ስም፣ የቅጠሉ ብዛት፣ ቁመቱና ወርዱ፣ ልዩ ምልክቱ፣ የተነሣበት ቀንና ያነሣው ሰው ይጻፍ። ለታሪክ ነጋሪ አባቶች የሚታወቅ ነገር ካለ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ እንደ ተነገረ ይመዝገብ።

ጋለሪው ምስሉን ለመቁረጥ፣ ለማድመቅና ቀለሙን ለመለወጥ የሚያስችል ማስተካከያ አለው። አንዳንዱ ስልክ የተስተካከለውን በዋናው ላይ ደርቦ ስለሚያስቀምጥ፣ የሚስተካከለው ሁልጊዜ ቅጂው ይሁን። ዋናው እንደ ተነሣ ይቆይ። በስሕተት የተሰረዘ ምስል ቢኖር በብዙ ስልኮች «መጣያ» በሚባለው ክፍል ለ30 ቀን ያህል ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ግን ይጠፋል።

መላክና መጠንቀቅ

ምስሉን በጋለሪው ከፍተን «ዝርዝር» ወይም «መረጃ» የሚለውን ስንነካ፣ የተነሣበት ቀን፣ መጠኑና አንዳንዴም የተነሣበት ቦታ በካርታ ላይ ይታያል። ይህ ለቤተሰብ ፎቶግራፍ ጉዳት የለውም ይሆናል፤ ጠባቂ በሌለው ዕቃ ቤት የተቀመጠ የብር መስቀል ያለበትን ቦታ ለማያውቁት ሰው መንገር ግን አደጋ ነው። ስለዚህ በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ «የቦታ መረጃ» የሚለው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይዘጋ። የቅርስ ምስልም በማኅበራዊ መገናኛ ገጽ አይለጠፍ።

ለሀገረ ስብከቱ ወይም ለባለሙያ መላክ ሲያስፈልግ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ ስለሚደርስ፣ በጥንቃቄ የመረመርነው የኅዳግ ጽሑፍ በተቀባዩ ስልክ ላይ አይነበብም። የተነሣበት ቀንም ሊቀር፣ ምስሎቹም በደረሱበት ቀን ሊደረደሩ ይችላሉ።

ይኸው ጥንቃቄ ለልማት ሥራችንም ይሠራል። እርዳታ የሚቀበሉ ወገኖቻችን ሲነሡ ምስሉ ለእነርሱ ይታያቸው፤ ካልፈቀዱም ፊታቸው ፊት ይሰረዝ። የተቸገረ ሰው ክብር ከሪፖርት ይበልጣል።

የአጥቢያው እንጂ የግለሰብ አይሁን

ምስሉ በአንድ ወጣት ስልክ ውስጥ ብቻ ሲኖር የአጥቢያው ንብረት ሆነ ለማለት አይቻልም። ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ ይሸጣል። ስለዚህ ሥራው በተጠናቀቀ በዚያው ሳምንት ሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ በደብሩ ጽሕፈት ቤት በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ፣ ሁለተኛው በወረዳው ቤተ ክህነት፣ ሦስተኛው በሀገረ ስብከቱ ይቀመጥ። መብራት በሌለበት አጥቢያ የሚያገለግሉ በገበያ ቀን ወደ አምቦ ወይም ወደ ጊንጪ ሲወጡ ይህን ሊፈጽሙት ይችላሉ። ቅጂው በየቦታው ተከፍቶ፣ የመጀመሪያው፣ የመካከለኛውና የመጨረሻው ምስል ታይቶ ርክክቡ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። በዓመት አንድ ጊዜም፣ የንብረት ቆጠራ በሚደረግበት ወቅት፣ እንደገና ተከፍቶ ይታይ።

ሥራው ብዙ ከመሰለ በአንድ መጽሐፍ ይጀመር። የሚመረጠውም የተዋበው ሳይሆን በጣም የተጎዳው ይሁን። በዚህ መንገድ የተያዘ መጽሐፍ ዕረፍት ያገኛል። የአብነት ተማሪው ንባቡን ለማመሳከር፣ ዓይናቸው የደከመ መምህርም ፊደሉን አጉልተው ለማየት፣ ብራናው በየጊዜው ሳይገለጥ ይጠቀማሉ። ምስሉ ግን መጽሐፉን አይተካም፤ ብራናው፣ ቀለሙና ስፌቱ የአባቶች እጅ የዳሰሳቸው ናቸው። ምስሉ የሚያገለግለው መጽሐፉ እንዲቆይ፣ ቢጠፋም እንዲፈለግ ነው።

በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ የንብረታቸውን ዝርዝር የጻፉት አባቶች በዘመናቸው የነበራቸውን መሣሪያ ለዚህ ተጠቅመዋል። የእኛ ዘመን መሣሪያ በኪሳችን አለ። የዘንድሮው ክረምት ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ አጥቢያ ቢያንስ አንድ መጽሐፍ በዚህ መልክ እንዲይዝ በትሕትና እናሳስባለን።